ወደ ግራ ሲዞር

«ይቺ ሞተራችሁ ዓይኗን ትጨፍናለች» አለ ዳቦ አከፋፋዩ፣ ገና ከኮርቻው ሳይወርድ።

ብሎን የግቢውን በር በአንድ እጇ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ሰውየው አሮጌውን ሞተር ሳይክል ሊገዛ መጥቶ፣ «እስቲ ሰፈሩን አንዴ ልዙርባት» ብሎ ወጥቶ መመለሱ ነው።

«ምን ማለት ነው ትጨፍናለች?»

«መብራቷን ነዋ! ቀጥ ብዬ ስነዳ ቦግ ብሎ ይበራል። ወደ ግራ ስጠመዝዝ ድርግም። መሪውን ሳቃና ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቦግ። ታሾፍብኛለች እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «እኔ ጎህ ሳይቀድ ነው ዳቦ የማከፋፍለው፣ የኔ ልጅ። በዚያ ጨለማ ከጨፈነችብኝ ዳቦውም እኔም ቦይ ውስጥ ነን። በይ ለአባትሽ ንገሪው። ይቺን ያስተካክላት፣ ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀምጦላት እያፏጨ ሄደ። ከግቢው ጥግ፣ አባቷ እንጨት ከሚሠራበት ከአናጢው ቤት፣ መላጊያው ሽው ሽው ይላል። ሰውየው የተናገረውን ከእሷ በቀር የሰማ አልነበረም።

እሷ ግን ነገሩን ስትሰማው ሁለተኛዋ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ወንድሟ ከማደንዘዣው እንደነቃ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ «ወደ ግራ ስዞር መብራቱ ጠፋብኝ» ነበር ያለው። ያኔ ያመነው ሰው አልነበረም። እሷም አላመነችውም። አሁን ቁልፉን እንደጨበጠች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ብሎን የመዝገብ ስሟ አይደለም። ገና ድክ ድክ በምትልበት ዕድሜ ከአባቷ የዕቃ ሳጥን አንዲት ብሎን አንሥታ ዋጠች። ብሎኗ በሰላም እስክትወጣ ድረስ ቤተሰቡ በሙሉ የፖፖ ዘበኛ ሆኖ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት አስተማሪ ብቻ ነው። ብሎኗ ትውጣ እንጂ ፍቅሯ ሆዷ ውስጥ ሳይቀር አልቀረም፤ ልጅቷ አድጋም ፒንሳና ካቻቢቴ ካየች ምሳዋን ትረሳለች። ይህን ያስለመዳት ወንድሟ ነው። ሞተር ሳይክሉ ከእሷ በዕድሜ ይበልጣል፣ ሳይበላሽ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው፣ ወንድሟም አንዱን ሲጠግን ሌላውን ሲፈታ እሷን አጠገቡ አስቀምጦ ነበር።

አባቷ የሠራቸውን በርጩማዎችና መደርደሪያዎች በዚያ ሞተር ለደንበኛ የሚያደርሰው ወንድሟ ነበር። ሰፈሩ «ንፋስ» ይለው ነበር፤ ስሙን ያገኘውም በከንቱ አይደለም፣ እውነቱን እንናገር። ነዳጅ መስጠት፣ መፍጠን ይወዳል። አንድ ጊዜ የጎን መስታወቱን ሰብሮ መጥቶ «ድንጋይ ወደቀበት» ብሎ ነበር። ድንጋይ ከየት እንደሚወድቅ ሲጠየቅ ወደ ሰማይ አየ። በዚያን ቀን ቤቱ ሁሉ ሥቆ ነበር።

ከዚያ አንድ ምሽት ዕቃ አድርሶ ሲመለስ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ባለው የግራ ጥምዝ ላይ መንገዱን ስቶ በድንጋይ የተገነባው ቦይ ውስጥ ገባ። ሞተሩ እግሩ ላይ ወደቀ። ሐኪሞቹ እግሩን ለማትረፍ ደከሙ፣ አልሆነም፤ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። የትራፊክ ፖሊሱ ሞተሩን ከቦይ አስወጥቶ ሲያስነሳው መብራቱ ቦግ ብሎ በራ። ፖሊሱ ይህንኑ ሆስፒታል መጥቶ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ለአባቷ ነገረው። «መብራቱ ጤነኛ ነው። ልጅዎ ፈጥኖ ነው» አለ።

አባቷ ያን ቀን ወደ ክፍሉ ገብቶ አልጋው ግርጌ ቆመ። «እግርህ ሄደ፤ የሆነው ሆነ» አለ። «ውሸቱ ግን ለምን አስፈለገህ?»

አባትና ልጅ ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። አንድ ጣሪያ ሥር እያሉ እናትየው መልእክተኛ ሆነች፤ «መድኃኒትህን ዋጥ ይልሃል» ትላለች፣ እሱ እንዲያ ሳይል። አባቷ ልጁን በስሙ መጥራት ትቶ «ያ ልጅ» ማለት ጀመረ። ያ ልጅ ደግሞ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። በመስኮቱ የሚመጣውን ብርሃን እንኳ ጀርባውን ሰጠው።

«ሰውየው ምን አለ?» አባቷ ነው፤ የእንጨት ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳረፈ ከአናጢው ቤት በር ብቅ ብሎ።

«መብራቱ ትንሽ መስተካከል ይፈልጋል አለ። ቅዳሜ ይመጣል።» የቱ ጋ እንደሚጠፋ አልነገረችውም። መጀመሪያ በዓይኗ ማየት ፈለገች።

«ጋራዥ ይሂዳ።»

«እኔ ልየው፣ አባዬ?»

አባቷ ሞተሩን አላየውም። ካየው ቆይቷል። «እይው። ብቻ ቶሎ ይሂድልኝ። ያንን ብረት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል» ብሎ ተመለሰ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደገባች ደብተሯን ወርውራ ወደ ወንድሟ ክፍል ሄደች። ብርድ ልብሱ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ዝቅ ይላል፤ ብሎን ያንን ቦታ ማየት እስካሁን አልለመደችም።

«ወንድምዬ፣ የመሞከሪያዋ አምፖል የት ናት?»

«መሳቢያው ውስጥ።» ድምፁ ከግድግዳው ጋር የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው።

አምፖሏን ከነገመዷና ከነባትሪዋ አገኘቻት። መሄድ ነበረባት፣ እግሯ ግን እምቢ አላት። «ያን ቀን… ወደ ግራ ስትዞር ነው አይደል የጠፋው?»

 ደጅ የእናቷ የስፌት መኪና ይንጣጣል።

«እኔ እኮ ልጠይቅህ ብዬ…»

«ተይው በቃ፣ ብሎን።» ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበና፣ «ምናልባት ፈጥኜ ይሆናል» አለ። «መጀመሪያ ላይ እርግጠኛ ነበርኩ። አሁን ግን ዓይኔን ስጨፍን አንዳንዴ መብራቱ በርቶ ነው የሚታየኝ። ሁሉም ሰው ፈጥነህ ነው ካለ፣ ፈጥኜ ይሆናላ። እኔ ምን አውቃለሁ?»

ብሎን እንባዋ መጣ። የዳቦ አከፋፋዩን ወሬ እዚያው ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ግን ደግሞ ሰውየው ተሳስቶ ቢሆንስ? ይህን ተስፋ ሰጥታው ነገ «የለም» ብትለው ምን ይውጠዋል? አምፖሏን ይዛ ወጣች።

ሞተሩን በሁለት የጣውላ ቁራጭ ደግፋ፣ ከወንድሟ መስኮት ሥር አቆመችው። ሌላ ጥላ ያለበት ቦታ አልነበረም። ኮርቻውን ፈታች፣ ነዳጅ መያዣውን አወረደች። ከሥሩ ገመዶቹ ተጠቅልለው እስከ ፊት ድረስ ተጋድመዋል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ዕድሜ አደብዝዟቸዋል።

ወንድሟ ያስተማራት ዘዴ አለ። የኤሌክትሪክ ኮንታክት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን አያምንም፣ አምፖል ያምናል። የባትሪውን አንድ ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ታገናኛለህ። ከሌላው ጫፍ ትንሿን አምፖል ታስራለህ፣ ከአምፖሏ የሚወጣውን ደግሞ ከምትጠረጥረው ገመድ ጋር። ገመዱ ጤነኛ ከሆነ አምፖሏ ጨለማ ናት። ገመዱ ልብሱ ተቀዶ የሆነ ቦታ ብረቱን ከነካ ግን ትበራለች፤ በዚያው ቀዳዳ የፊቱ መብራት ኃይል ወደ ብረቱ ያመልጣል። «እዚህ ጨዋታ ላይ መብራት መጥፎ ዜና ነው» ይላት ነበር።

የፊቱንና የኋላውን አምፖል አወጣች፤ ኃይል ከሚያመነጨው ክፍል የሚመጣውንም ገመድ ከመጋጠሚያው ነቀለች። ያለዚያ መሞከሪያዋ በእነሱ በኩል እየበራች ታታልላታለች። ከዚያ የመብራቱን ገመድ ከመሞከሪያዋ ጋር አገናኝታ ጠበቀች። መሪው ቀጥ ብሎ ቆሟል። አምፖሏ ጨለማ።

ከኋላ ጀመረች። ገመዱን ጨበጥ እያደረገች፣ እያወዛወዘች ወደ ፊት መጣች። ኮርቻው ሥር የገመዱ ሽፋን በፀሐይ ተሰነጣጥቆ አገኘችና ልቧ ዘለለ። «ያዝኩህ!» አለች። በሚለጠፈው ናስትሮ ጠቀለለችው፣ ደህና አድርጋ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ተነሥታ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ አዞረችው።

አምፖሏ በራች።

ወደ ቀኝ መለሰችው፤ ጠፋች። እንደገና ወደ ግራ፤ በራች። ለደቂቃ ያህል ይህን ብቻ ስታደርግ ቆየች። ግራ፣ በራች። ቀጥታ፣ ጠፋች። ወንድሟ አልዋሸም። እውነተኛው እሱ ነበር፣ የቀሩት ሁሉ ስተዋል፣ እሷም ጭምር። 

አሁን የቀራት ቦታውን ማግኘት ነው። ከመሪው አንገት ሥር መሆን አለበት፤ የሚተጣጠፈው እዚያ ብቻ ነው። ከፊት ግን አባቷ ለዕቃ ማመላለሻ ብሎ በእጁ የሠራው መጫኛ ጋርዶታል፣ ቀጭን ብረትና ጣውላ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታች፤ አንዱ ዝጎ እጇን ላጠው። መጫኛውን አንሥታ በስልኳ መብራት አየች።

ገመዶቹ በጥቁር ሽቦ ከመሪው አንገት ጋር ታስረዋል። ግንበኛ ብረት የሚያስርበት ዓይነት ሽቦ። በፒንሳ ሁለቴ ተጠምዝዞ ከረር ተደርጓል፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ታጥፏል። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ገመዱ ይወጠራል፣ ያ የታጠፈ ጫፍ ይወጋዋል፤ መሪው ሲቃና ይለቀዋል። የመብራቱ ገመድ ላይ መርፌ የወጋው የሚያህል ቀዳዳ አለ። በውስጡ መዳቡ ያብለጨልጫል።

ብሎን ያንን የታጠፈ ጫፍ ታውቀዋለች። የልብስ ማስጫው ሽቦ ጫፍ እንዲያ ነው። የዶሮ ቤቱ በር እንዲያ ነው። እሷ የምታጠናበት ወንበር፣ እግሩ የተሰነጠቀ ጊዜ የታሰረበት ሽቦ እንዲያ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ሽቦ ካሰረ በኋላ ጫፉን ወደ ውስጥ የሚቀብር አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

መጫኛው የተገጠመበትን ቀን አስታወሰች። ጥሩ ቀን ነበር፤ አባቷ ሲሠራ እያንጎራጎረ፣ ወንድሟ ዕቃ እያቀበለ። «አባዬ፣ ገመዶቹን እኔ በናስትሮ ልሰራቸው» ብሎ ነበር ወንድሟ። አባቷ ሣቀበት። «ናስትሮ ለሰነፍ ነው! ፀሐይ ሲነካው ይላላል። እኔ በሽቦ ያሰርኩትን የሚፈታው ጎረምሳ ገና አልተወለደም።» ከዚያ ፒንሳውን ገልበጥ አድርጎ ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፈው። «ወደ ውጭ ከተውኩት ስትጠርገው እጅህን ይቦጭቅሃል» አለው።

ለልጁ እጅ ሳስቶ ነው።

ብሎን ከሞተሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠች አላወቀችም። የስፌት መኪናው ድምፅ መቆሙንም አላስተዋለችም።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ዐመድ መስሏል» አለች እናቷ፣ የልኬት ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከላይዋ ቆማ።

ብሎን እጇን ዘርግታ መሪውን ወደ ግራ ገፋችው። አምፖሏ በራች። ከዚያ በስልኳ ወደ መሪው አንገት አበራች።

እናቷ ጎንበስ ብላ አየች። ጨርቅ ስታገላብጥ የኖረች ሴት ናት፤ የማን እጅ የቱን እንደሠራ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባትም። አፏን በመዳፏ ያዘች። ወደ አናጢው ቤት ዞር ብላ አይታ፣ ወደ ልጇ መስኮት አይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አውጪው። አሁኑኑ ቆርጠሽ አውጪና ጣይው። ቀዳዳውን ጠቅልይው፣ በቃ።»

«እማዬ፣ እውነቱን እኮ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«የወለድኩት ልጅ ነው። ሲዋሽ ጆሮውን ይነካል። ያን ቀን አልነካም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ለማን ልናገር? ፖሊስ መብራት አብርቶ ላሳየው ሰው የጆሮ ወሬ ላውራለት?» እናቷ ከአጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ስሚኝ የኔ ልጅ። አባትሽን አታይውም? እህል ከጉሮሮው አይወርድም። ባለፈው መጋዙ ስቶት ጣቱ ለጥቂት ነው የተረፈው። እሱን አሁን ያቆመው ቁጣው ነው። ቁጣውን ከወሰድሽበት በምን ይቆማል? የወንድምሽ እግር እንደሆነ አይበቅልም። እኔ አንድ የተሰበረ እያስታመምኩ ነው፤ ሁለት አልችልም።»

«ወንድሜ ራሱን ማመን አቁሟል፣ እማዬ። ‹ምናልባት ፈጥኜ ይሆናል› አለኝ።»

እናቷ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። ጠቅልላ ስትጨርስ መልሳ ፈታችው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንዴ ካልሽው የማትመልሺው ነገር ነው። አስቢበት።» ተነሥታ ገባች። የስፌት መኪናው ግን አልተነሣም።

ብሎን ፒንሳውን አነሣች። ቀላል ነገር ነበር። አንዴ ቁርጥ፣ ሁለት ዙር ናስትሮ፣ ቅዳሜ ሰውየው ይመጣል፣ ሞተሩ ይሄዳል። አባቷ እንደተቆጣ ይኖራል፣ ወንድሟ እንደተኛ ይኖራል። ማንም አዲስ ነገር አይደርስበትም።

«አገኘሽው እንዴ?»

ከመስኮቱ ነው። ወንድሟ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሳይጠይቁት ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው። 

«ገና ነኝ» አለች።

«ከመሪው አንገት ሥር እይው። እዚያ ነው የሚተጣጠፈው። እኔ ተኝቼ ሳስበው…» አቆመ። «አይተሽዋል?»

ብሎን ሽቦውን እያየች፣ «አይቼዋለሁ» አለች። «ምንም የለም።»

«እ» አለ ወንድሟ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አልጋው ሲንቋቋ ሰማች፤ ወደ ግድግዳው መዞሩ ነው።

 በዚህ ቤት ውሸታም ተብሎ የተቀጣው እውነት የተናገረው ልጅ ነው፣ ዋሽታ ያለፈላት ደግሞ እሷ። ፒንሳውን መሬት ላይ ጣለችው።

የአናጢው ቤት በር ተከፈተ። አባቷ ብናኙን ከክንዱ እያራገፈ መጣ፤ ዓይኑን ሞተሩ ላይ ላለማሳረፍ ወደ እሷ ብቻ ያያል።

«አለቀ?»

«አላለቀም።»

«ምኑ ነው እንዲህ የሚያስቸግረው? በፍጥነት ያበደ ልጅ የነካው ነገር መቼ ጤና ይኖረዋል!» ድምፁን ከፍ አደረገ፣ መስኮቱ እንዲሰማ። «ሰብሮት ሲያበቃ ጥፋቱን በመብራት ያላክካል!»

«አባዬ» አለች ብሎን። ድምፅዋ እንደሚንቀጠቀጥ ገብቷታል፣ ግን አላቆመችም። «መሪውን ያዝልኝ።»

«እ?»

«መሪውን ያዝልኝና ወደ ግራ አዙረው። ይቺን አምፖል እያየህ።»

ምናልባት ድምፅዋ ነው፣ ምናልባት ደክሞት ነው፤ አባቷ አልተከራከረም። ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩን ነካው። መሪውን ወደ ግራ አዞረ። አምፖሏ በራች።

«ይቺ ስትበራ የፊቱ መብራት ይጠፋል ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «አቃናው እስቲ።»

አቃናው፤ ጠፋች። ደግሞ ራሱ ሳይታዘዝ ወደ ግራ አዞረው፤ በራች። ፊቱ ተለወጠ። አናጢ ነው፤ የኤሌክትሪክ ነገር ላይገባው ይችላል፣ አንድ ነገር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲሆን ግን ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የልጁን ስም ሊጠራ የነበረ ይመስላል።

«ምንድን ነው የነካው?»

ብሎን የስልኳን መብራት ወደ መሪው አንገት አዞረችና ራቅ አለች።

አባቷ ጎንበስ አለ።  ከዚያ አውራ ጣቱን ልኮ ያንን የታጠፈ የሽቦ ጫፍ ዳሰሰው። ቀና ሲል ዕድሜው ሌላ ሆኗል። ሊይዘው የሚችለው ነገር ፈልጎ ኮርቻ የሌለውን ሞተር ያዘ።

«ይህን እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለ።

«አዎ።»

«እጁን እንዳይቦጭቀው ብዬ…» አልጨረሰውም። ወደ መስኮቱ አየና ወደ እሷ ተጠጋ። «ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አትንገሪው።» ክንዷን ያዛት፣ እስኪያማት ድረስ። «ዛሬ አትንገሪው። እኔ… ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። እኔ ራሴ…»

ክንዷን ለቀቀና ወደ አናጢው ቤት ተመለሰ። ሲሄድ የመንገዱን ጠጠር እንደማያይ ሰው አንዴ ተደናቀፈ። በሩን ከውስጥ ዘጋው። ብሎን ጆሮዋን ጣለች። መላጊያው አልተሰማም፣ መዶሻው አልተሰማም። አባቷ ያለ ሥራ እዚያ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ሰምታ አታውቅም፤ ፈራች።

እናቷ በኩሽናው በር ቆማ ኖሯል። ሁሉንም አይታለች። ተቆጥታ እንደሆነ ከፊቷ አይነበብም፤ ብቻ ጭንቅላቷን በቀስታ ነቀነቀች፣ አሁን የሆነውን ሁሉ አብረን እንሸከመዋለን እንደማለት።

ብሎን ወደ ወንድሟ ክፍል ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ዝቅ ባለበት በኩል ተቀመጠች። ያንን ቦታ እያየችው ተቀመጠች።

«ቅድም ዋሽቼሃለሁ» አለች። «አግኝቼዋለሁ።»

ጀርባው አልተንቀሳቀሰም።

«መብራቱ ጠፍቶብህ ነበር፣ ወንድምዬ። ወደ ግራ ስታዞረው ይጠፋል። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እማዬም አይታዋለች። አባዬም በገዛ እጁ አዙሮ አይቶታል። አልዋሸህም።»

 ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ። ሥቃይ ሲበዛበት እንኳ ድምፅ ያላሰማ ልጅ ትራሱን ነክሶ አለቀሰ። ብሎን እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች። 

ሲበቃው እየተንፏቀቀ ዞረ። ፊቱን በደንብ ካየች ቆይታ ነበር፤ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል።

«ምን ነበር?» አለ። «ምኑ ነው የነካው?»

አፏ ላይ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ብሎን ግን ቃሉ የእሷ እንዳልሆነ ተሰማት። እሷ ከተናገረችው አባቷ መቼም መናገር አይችልም፤ ልጁም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሰማው ከእህቱ ይሆናል።

«እሱን አባዬ ነው የሚነግርህ» አለች።

«አባዬ?» ወንድሟ ፊቷን መረመረ። አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ መጣና ተመልሶ ሄደ። «አባዬ እኮ አያናግረኝም።»

«ይነግርሃል። ጠብቀኝ።»

ግቢውን አቋርጣ የአናጢውን ቤት በር ሳታንኳኳ ገፋችው። ውስጡ እንጨትና ሙጫ ይሸታል። አባቷ ግማሽ በደረሰ በርጩማ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተዘርግተዋል።

«መብራቱ እንደጠፋበት ነግሬዋለሁ፣ አባዬ» አለች። «በምን እንደጠፋ ግን አልነገርኩትም።»

አልዞረም። «አትንገሪው አልኩሽ እኮ።»

«ጠይቆኛል። አንተን እየጠበቀ ነው።»

«ምን ብዬ…» ድምፁ ተሰበረ። «ምን ብዬ ነው ፊቱን የማየው? ሂጂ፣ ልጄ። በሩን ዝጊውና ሂጂ።»

ብሎን እንደ ሁልጊዜው ልትታዘዝ በሩን ያዘች። አባቷ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም፣ ሮጣ ብትሸሽ ደስ ባላት። ከበስተኋላዋ፣ ከመስኮቱ፣ የወንድሟ አልጋ ሲንቋቋ ሰማች፤ ሊነሣ እየሞከረ ነው።

በሩን ለቀቀችው። ደፉ ላይ ቁጭ አለችና ጀርባዋን በመቃኑ ላይ አስደገፈች።

«እስክትነሣ ድረስ እዚህ ነኝ» አለችው።